ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ሰዓት

(የመግቢያ ሙዚቃ። ዝቅ ይልና ይጠፋል።)

 

የዛሬው ርዕሳችን ሁላችንም አንብበነው የምናልፈው ነገር ነው፤ ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው የማሳያ ሰዓት። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ፒያሳን ወይም ቦሌን የዞራችሁ ታውቁታላችሁ። «በ8፣ በ10 እና በ12 ሰዓት» ይላል። ቪዲዮ ቤት ያደጋችሁም በጠመኔ የተጻፈችውን ጥቁር ሰሌዳ አትረሷትም። ለምን በ8 ሆነ? ለምን 9 ከሩብ አልሆነም? ሰዓቱን የሚቆርጠው ሰው ምን አይቶ ነው የሚቆርጠው?

ጉዳዩን ወደ ድሬዳዋዋ መልካ ጀብዱ የማመጣው በምክንያት ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ነው። ነፃ የንግድ ቀጠናው እዚያ ነው። አዲሱ የባቡር ጣቢያም በዚያው አቅጣጫ ነው። ሠራተኛ በበዛበት፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት በበዛበት ሰፈር አንዱ ተነሥቶ «አዳራሽ ልከፍት ነው» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ እኛ ቀድመነው በሐሳብ አንድ አዳራሽ እንክፈት። 150 ወንበር አለው፤ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ሰፊ በር። የሰዓት ሰሌዳውን አብረን እንጻፍ። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ፤ ትንሽ ሒሳብ አለው።

(አጭር ሙዚቃ።)

መጀመሪያ ፊልሙን እንለካ። አንድ የአማርኛ ፊልም አለን እንበል፤ ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። ከፊልሙ በፊት የ5 ደቂቃ ማስታወቂያ እናሳያለን። ፊልሙ ሲያልቅ 150 ሰው በአንድ በር ይወጣል፤ የፈንዲሻው ፍርፋሪና የውኃው ላስቲክ ይጠረጋል፤ በረንዳ ላይ የቆመው ሌላው 150 ሰው ትኬቱን እያስቆረጠ ይገባል። ለዚህ ሁሉ 20 ደቂቃ ያዙ። ደምሩት፤ 95፣ 5 እና 20 ደቂቃ። 120 ደቂቃ መጣ፤ ልክ 2 ሰዓት።

የ8፣ የ10 እና የ12 ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። ቁጥሮቹ ክብ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ርዝመቱ ከነማስታወቂያው ከ1 ሰዓት ከ40 የማያልፍ ፊልም ከነመግቢያ መውጫው 2 ሰዓት ውስጥ ይገባል። ተመልካቹም ሰዓቱን በቃሉ ይይዘዋል። ዘንድሮ የታየው ፊልም ቢቀየር፣ ሌላ ቢመጣ፣ «የ10 ሰዓቱ» ቦታውን አይለቅም። ሰዓቱ ራሱ የቤቱ ደንበኛ ማፍሪያ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ፊልሙ ይርዘም። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆነ። ከማስታወቂያውና ከመግቢያ መውጫው ጋር አንዱ ዙር 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይወስዳል። በ8 የጀመረ ቤት ሁለተኛውን በ10፡35፣ ሦስተኛውን ከምሽቱ 1፡10 ይጀምራል፤ እሱም ሲያልቅ 3፡25 ይሆናል። በአጭሩ ፊልም ግን በዚያው ጊዜ ገደማ 8፣ 10፣ 12 እና 2 ሰዓት ብለን 4 ዙር እናሳይ ነበር። 4 ዙር 600 ወንበር ነው፤ 3 ዙር 450። በ35 ደቂቃ ርዝመት 150 ወንበር ሄደ። ፊልም ሠሪዎች «አዳራሾቹ ፊልማችንን አሳጥሩ ይሉናል» ብለው ሲያማርሩ ብትሰሙ፣ ከጀርባው ያለው ሒሳብ ይኸው ነው።

የወንበር ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሱቅ ውስጥ ዛሬ ያልተሸጠ ስኳር ነገ ይሸጣል። የ8 ሰዓቱ ባዶ ወንበር ግን በ10 ሰዓት አይሸጥም፤ ባዶ ወንበር ይዞ ከመናኸሪያ እንደወጣ ሚኒባስ ነው፣ መንገድ ላይ ካልሞላ ቀረ። ስለዚህ ሰዓት ቆራጩ የሚጨነቀው «ስንት ጊዜ ላሳይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ሰዉ መቼ ነው ባዶ እጁን ቁጭ የሚለው?» ብሎ ነው።

(አጭር ሙዚቃ።)

ሌላ አገር እንሂድና እንመለስ። የህንድ ፊልም የሚወዱ አድማጮች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ድሬ ናትና። ህንድ ውስጥ ነባሮቹ ባለ አንድ አዳራሽ ሲኒማ ቤቶች የለመዱት አቆጣጠር በቀን 4 ዙር ነው፤ በየ3 ሰዓቱ። በእኛ አቆጣጠር ስናስቀምጠው 6፣ 9፣ 12 እና 3 ሰዓት ይሆናል። የ2 ሰዓት ልዩነት ለምን አልያዙም? ፊልማቸው ረጅም ስለሆነ ነዋ። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሾሌ» ከ3 ሰዓት በላይ ነው። ያንን ፊልም በእኛ በ8፣ በ10 እና በ12 ሰሌዳ ላይ አምጥቶ ማስገባት፣ አቦ፣ ዝሆንን ባጃጅ ላይ መጫን ነው የሚሆነው።

የድሮው ፊልም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ዛሬ ፊልሙ በሃርድ ዲስክ ይመጣል፤ በትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ቁልፍ ተደርጎበት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብቻ የሚከፈት ሆኖ። ያኔ ግን በጥቅል ነበር የሚመጣው፤ አንዱ ጥቅል 20 ደቂቃ ገደማ ያህል ይታያል። ስለዚህ ቤቱ ሁለት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን ያቆምና አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በህንድና በአውሮፓ ከተሞች ከዚህ የተነሣ አንድ ብልኃት ተለመደ። ሁለት ሲኒማ ቤት አንድ ቅጂ ብቻ ይከራያል። የመጀመሪያው በሰዓቱ ይጀምራል፤ ሁለተኛው አርባ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ። አንዱ ቤት አሳይቶ የጨረሰውን ጥቅል ልጅ በብስክሌት ይዞ ወደ ሌላው ይበርራል። የሁለተኛው ቤት የማሳያ ሰዓት የሚቆረጠው እንግዲህ በብስክሌቱ ፍጥነት ነበር። ጎማው የፈነዳ ቀን ተመልካቹ መሐል ላይ ያፏጫል።

«በሰዓቱ ግቡ» የሚለውም ነገር ሁልጊዜ የነበረ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ፊልም ያለማቋረጥ ነበር የሚዞረው። ሰው መሐል ላይ ገብቶ፣ መጨረሻውን አይቶ፣ ከመጀመሪያው እንደገና እስከ ገባበት ቦታ ድረስ ያይና ይወጣል። በ1960 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ «ከተጀመረ በኋላ ማንም አይገባም» የሚል ደንብ አስለጠፈ፤ የፊልሙ ምሥጢር እንዳይበላሽበት። ሰዉ ሰልፍ ይዞ ሰዓቱን ጠበቀ። ሲኒማ ቤቶቹ ሰልፉን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ሰልፍ ለመንገደኛው ማስታወቂያ ነው።

እኛ ዘንድ ቪዲዮ ቤት የለመድነው የትኛውን ይመስላል? ሳንቲማችንን ከፍለን መሐል ላይ እንገባ ነበር። እስኪመሽም የሚያስወጣን አልነበረም። እንዲያውም ዛሬ ድረስ የማይለቀን የማርፈድ ልማድ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ከፊልሙ በፊት የምናሳያት የ5 ደቂቃ ማስታወቂያ ገቢ ብቻ እንዳትመስላችሁ፤ ላረፈደው ሰው የተተወች ጊዜ ናት። ይሁን እንጂ ወደ 20 ደቂቃ የሚያስረዝሟትን አልደግፍም። በሰዓቱ የመጣው ሰው የተቀጣ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሱም አርፍዶ ይመጣል።

(አጭር ሙዚቃ።)

ወደ መልካ ጀብዱው አዳራሻችን እንመለስ። ብዙ ጀማሪ «በስንት ልጀምር?» ብሎ ይነሣል። ልምድ ያለው ግን ከመጨረሻው ነው የሚነሣው፤ «ሰዉን በስንት ሰዓት ልልቀቀው?» ይላል። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ለዓመታት ሰዓት እላፊ ነበር። የመጨረሻውን ፊልም አይቶ የወጣ ሰው ከሰዓት እላፊው በፊት ቤቱ መድረስ ነበረበት፤ ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ኋላ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ሰዓት እላፊውን የሚተካው ባጃጅ ነው። ከመልካ ጀብዱ ወደ መሐል ከተማ የሚመለስ ተመልካች ካላችሁ፣ ባጃጁና ሚኒባሱ እስከ ስንት ሰዓት በብዛት እንደሚገኝ፣ ዋጋውስ መቼ እንደሚጨምር ሾፌሮቹን ጠይቁ። ሴት ልጆች እንዲመጡላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከዚያም ቀድማችሁ ልቀቁ። እኔ የምሽቱን 3 ሰዓት ነው የምይዘው። በ3 ሰዓት መንገዱ ላይ ሁሉም ወጥቶ ያለቀ ይሁን።

ከ3 ሰዓት ወደ ኋላ እንቁጠር። አጭሩ ፊልማችን ከነማስታወቂያው 1 ሰዓት ከ40 ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከጀመረ 2፡40 ያልቃል። ጥሩ። ከሱ በፊት ያለው ዙር በ11 ሰዓት ነው የሚሆነው፤ 12፡40 ያልቃል። አይ! እዚህ ላይ ቆም በሉ። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው መቼ ነው? በታኅሣሥ ከ12 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላ፣ በሰኔ ደግሞ ከ12፡30 አለፍ ብላ ነው። በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው መግሪብ እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ በዚያች መስኮት ውስጥ ነው፤ የ11 ሰዓቱ ፊልማችን ደግሞ ልክ መሐሏ ላይ ተኝቶባታል። ግማሹ ተመልካች ፊልሙ መሐል ተነሥቶ ሊወጣ ነው፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በመግሪብ ሰዓት ፊልም የሚያሳይ ሰው ያንን ስም መልካ ጀብዱ ላይ እንደገና ማውጣቱ ነው።

ስለዚህ የ11ዱን አንሡትና ወደ 10 ሰዓት ውሰዱት። 11፡40 ያልቃል፤ በታኅሣሥም ሆነ በሰኔ ከመግሪብ በፊት ነው። ከዚያ አዳራሹ ይረፍ፤ በረንዳው ላይ ሻይ ይሸጥ። ማታ በ1 ሰዓት ይከፈት። የዒሻ ሶላት ጊዜው ሰፋ ያለ ስለሆነ ሰዉ ከፊልሙ በኋላም ይደርስበታል። ከ10 በፊት ያለው በ8 ይሆናል። ሰሌዳችን ላይ እንግዲህ 8፣ 10 እና 1 ሰዓት ተጻፈ። ከአዲስ አበባው የሚለየው በአንድ ቁጥር ነው፤ 12 ወጥቶ 1 ገባ። የአዲስ አበባውን ሰሌዳ እንዳለ ገልብጦ እዚህ በር ላይ የለጠፈ ሰው ግን በየቀኑ ከሦስቱ አንዱን ዙር ያከስራል፤ ምክንያቱንም ፊልሙ ላይ ያላክካል።

የ8 ሰዓቱስ? እሱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከቀትር በኋላ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ይፈልጋል፣ በርጫውም ይነጠፋል። ከበርጫ ጋር ተወዳድሮ ወንበር መሙላት ቀላል አይደለም። እንዲያውም ሙቀቱ የድሬ ችግር ብቻ አይደለም፤ የኒው ዮርክም ነበር። ድሮ እዚያ በጋ ሲገባ ሲኒማ ቤት ይከስር ነበር፤ የታፈነ አዳራሽ ውስጥ ማን ይቀመጣል? በ1925 እ.ኤ.አ. ሪቮሊ የተባለው ቲያትር የዊሊስ ካሪየርን ማቀዝቀዣ አስገባ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰዉ ከሙቀት ሊሸሽ ሲኒማ መግባት ጀመረ። በጋው የሲኒማ ትልቁ ወቅት እስከ መሆን ደረሰ። መልካ ጀብዱ ላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ መግዛት ባትችሉ እንኳ ጣሪያው ከፍ ይበል፣ ቬንትሌተሩ ይብዛ፣ የትኬቱም ዋጋ በ8 ሰዓት ይቀንስ። የ8 ሰዓቱ ደንበኛ ከትምህርት ቤት የወጣ ተማሪና የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ ተኝቶ የተነሣ ሠራተኛ ነው። ሁለቱም ኪሳቸው ሳሳ ያለ ነው።

ፈረቃ ካነሣን፣ ለሰሌዳው የሚጠቅማችሁ መረጃ ፋብሪካው በር ላይ ነው ያለው። የቀኑ ፈረቃ በስንት ይወጣል? የማታው በስንት ይገባል? ደመወዝ በወር ስንተኛው ቀን ይወጣል? ደመወዝ በወጣበት ሳምንት ቅዳሜ አዲስ ፊልም የሚያስገባና ወሩ ሊያልቅ ሲል የሚያስገባ ሰው አንድ ዓይነት ገቢ አያገኙም። ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ፤ ከ8 ሰዓት በፊት ምንም አታስቡ። በረመዳን ሰሌዳውን በሙሉ አንሡት። ጾሞ የዋለ ሰው በ10 ሰዓት ፊልም አይመጣም። ከኢፍጣርና ከተራዊህ በኋላ አንድ ዙር ብቻ፣ እሱንም ለሰፈሩ ሰው፤ በረመዳን ሌሊቱ ስለሚደምቅ ያኔ የ3 ሰዓቱን ደንባችንን ማላላት ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ወደ ትልቁ ባላንጣ፤ ኳስ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ባለበት ቅዳሜ ፊልም ማሳየት ማለት ከነማንቸስተር፣ ከነአርሰናል ጋር ገበያ መቀማማት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፤ እኛ አናዞርም። በእነሱ ከቀኑ በ3 የሚጀመረው የቅዳሜ ጨዋታ፣ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ባሉት ወራት ለእኛ በ11 ሰዓት ነው። በጥቅምት አጋማሽ ግን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱና ያው ጨዋታ ለእኛ 12 ሰዓት ላይ ይወድቃል።

ይህ ሰሌዳችንን ምን ያደርገዋል? መስከረም ላይ ጨዋታው ከ11 እስከ 1 ሰዓት ገደማ ነው። የ10 ሰዓቱ ፊልም መሐሉ ላይ ኳስ ገባበት፤ ሞተ። ስለዚህ ቅዳሜ የ8 እና የ10 ሰዓቱን አጥፉና 8፡45 ላይ አንድ ዙር ብቻ አድርጉ፤ 10፡25 ያልቃል፤ ሰዉ ወጥቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ኳሱ ጋ ይደርሳል። የማታውን ደግሞ በ1፡15 ጀምሩት፤ 2፡55 ያልቃል። ኅዳር ላይ ግን ጨዋታው ከ12 እስከ 2 ሰዓት ገደማ ሆነ። ያኔ የ8 እና የ10 ሰዓቶቹ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ የ1 ሰዓቱ ነው የሚሞተው። ከ2 በኋላ እንጀምር ብንል ከ3 ሰዓት ደንባችን እናልፋለን። እኔ ብሆን በኅዳር ቅዳሜ ማታውን ትቼ እሑድን አጠናክራለሁ። ሌላው ደግሞ አይ፣ ኳሱን ራሱን ላሳይ ይል ይሆናል። ያ ሌላ ንግድ ነው፤ ፈቃዱም ሌላ ነው። ፈቃድ ካልኩ አይቀር ፊልምም ቢሆን ከባለቤቱ ሳይፈቀድ በአዳራሽ እንዳይታይ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 410፣ ይከለክላል። የሰው ፊልም በፍላሽ ገልብጦ ሰሌዳ መጻፍ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለ ባለ ብዙ አዳራሾቹ በአጭሩ ልበላችሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ስክሪን ያላቸው ቤቶች የሚጨነቁበት ሌላ ነው። ሦስት አዳራሽ እኩል በ8 ቢጀምሩ፣ ትኬት መቁረጫው፣ ፈንዲሻው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የመኪና ማቆሚያው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጨናነቃል፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ከምናምን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ስለዚህ 8፡00፣ 8፡20፣ 8፡40 እያሉ ያንጠባጥቡታል። አዲሱንና የሚጠበቀውን ፊልም ትልቁ አዳራሽ ውስጥ በምሽቱ ሰዓት ያደርጉታል፤ የሳሳውን ወደ ትንሹ፣ ከዚያ ወደ ቀን፣ ከዚያ ወደ በሩ። አሜሪካኖች ይህን የሚወስኑት በሳምንቱ መጀመሪያ ነው፤ ሰኞ የቅዳሜና የእሑዱን ሽያጭ አይተው ከአከፋፋዩ ጋር ይከራከራሉ፣ ዓርብ አዲሱ ሰሌዳ ይወጣል። እኛም አገር ፊልም ሠሪውና አዳራሹ የትኬቱን ገንዘብ ስለሚካፈሉ ክርክሩ ያው ነው። ፕሮዲዩሰሩ የእሑድ ማታን ይፈልጋል፤ ሌላውም ፕሮዲዩሰር ያችኑ እሑድ ማታ ይፈልጋል።

መብራት መጥፋቱን ረስቼው አይደለም። ለሱ መድኃኒቱ በዙሮቹ መሐል የተውናት ክፍተት ናት። 20 ደቂቃዋን ወደ 10 አሳጥራችሁ ተጨማሪ ዙር ለማስገባት ስትሞክሩ፣ ጀኔሬተሩ እስኪነሣ የባከነችው አንዲት ሩብ ሰዓት የቀኑን ሰሌዳ በሙሉ ትገፋዋለች፤ የመጨረሻው ተመልካች ባጃጅ አጥቶ ይቆማል።

(አጭር ሙዚቃ።)

ለዛሬ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ልሰናበት። በሚቀጥለው እሑድ ለመልካ ጀብዱው አዳራሻችን የህንድ ፊልም መጥቷል፤ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። የ5 ደቂቃዋ ማስታወቂያ አለች። ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ሁሉም ወጥቶ ማለቅ አለበት። መግሪብን አትነኩም። ከ10 ሰዓት በፊት በሙቀቱ ምክንያት ብዙ ሰው አይመጣም። በስንት ሰዓት ይጀመር? መልሳችሁን በአጭር መልእክት ላኩልን። ስትሠሩት የህንድ ፊልም መሐሉ ላይ የዕረፍት ጊዜ እንዳለው አስታውሱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ።)